ዝም ሲሏት የተኛችው ማይክሮፎን

አንድ ሰው ነበር። ሥራው መስማት ነበር።

በጉልበቱ የሚበላ አለ። በእጁ የሚበላ አለ። በምላሱ የሚበላም ሞልቷል። ይህ ሰው ግን እንጀራውን የሚበላው በጆሮው ነው። በአንዲት ከተማ ፍርድ ቤት የድምፅ መቅረጫ ሠራተኛ ነው። ችሎት ሲሰየም ከዳኞች ወንበር ዝቅ ብላ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣል። ከፊቱ ኮምፒውተር አለ፤ ከምስክሩ ፊት ደግሞ ማይክሮፎን። ምስክሩ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ይቀርጻል፣ እሱ ይጠብቃል። ሥራው ይኸው ነው። እንዴት ያለ ቀላል ሥራ ነው ትሉኝ ይሆናል።

ቀላል አይደለም፣ ወገኖቼ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጉዳት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በማግስቱም? በሚቀጥለው ሳምንትም?

ሰውየው ስንሻው ይባላል። ሥራውን የጀመረ ሰሞን እህል አይወርድለትም ነበር። ጠዋት ቤቷ የተቃጠለባትን ሴት ይሰማል፤ ከሰዓት በገዛ ወንድሙ የተካደውን ሽማግሌ ይሰማል፤ ከዚያ ቤቱ ይገባል። ባለቤቱ መንበረ ልብስ ሰፊ ናት። እሱ ሲገባ የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። «ዛሬስ ምን ሰማህ?» ትለዋለች። ይነግራታል። እያለቀሰ የነገራት ጊዜም አለ። እሷም ትሰማዋለች። ሲጨርስ ያ የሰማው ነገር ከላዩ ላይ የወረደለት ያህል ይቀለዋል።

ዓመታት አለፉ። ሰው ሲደክም ምን ያደርጋል? ስንሻው ጆሮውን ማሳረፍ ለመደ። ማንም አላስተማረውም፤ ድካም ራሱ አስተማሪ ነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ማድረግ ተወና አንገቱ ላይ ያንጠለጥለው ጀመር። ማይክሮፎኗ ጫፍ ላይ አንዲት ቀይ መብራት አለች። እሷን ያያል። በርታለች? በርታለች። እንግዲያው ሁሉ ደህና ነው። የሰዎቹ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ በላዩ ያልፋል፤ እሱ ከቆርቆሮው በታች ደረቅ ሆኖ ይቀመጣል።

ቤትም ሲገባ እንዲያው ሆነ። መንበረ ትናገራለች፣ እሱ «እህ» ይላል። መንበረ ትጠይቃለች፣ እሱ «እሺ፣ ደግ ነው» ይላል። ቀስ በቀስ መንበረም ዝም አለች። ስንሻው ቤቱ ሰላም የሰፈነበት መሰለው።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ያዙልኝ። አልሰከረም፣ አልማገጠም፣ ደመወዙን አላጠፋም። የደከመ ሰው ነበር።

አንድ ቀን ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ ሴት ሊመሰክሩ ቀረቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደረበ የሚባል ልጅ ነበራቸው፤ አንድ ልጅ። የቀን ሠራተኛ ነው። ለፎቅ ቤት መሠረት ሲቆፍር አፈሩ ተደርምሶበት ሞተ። ፎርማኑ ተከሰሰ። ፎርማኑ ደግሞ «አደጋ እንዳለ ማንም አልነገረኝም» ይላል። አብረውት ይቆፍሩ የነበሩት ገሚሶቹ ወደየአገራቸው ተበትነዋል፤ ገሚሶቹም እንጀራቸው እንዳይዘጋ ፈርተው «አላየንም፣ አልሰማንም» ብለዋል። የሰሙ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እናትየው። ያን ቀን ለልጃቸው ምሳ ይዘው ሄደው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ነበር።

ማሉ። ዐቃቤ ሕጉ «ያዩትንና የሰሙትን ለፍርድ ቤቱ ይንገሩ» አላቸው።

ዝም አሉ።

ዳኛዋ፣ ወይዘሮ ፍሬሕይወት፣ ታጋሽ ሰው ናቸው። ጠበቁ። «ውሃ ስጧቸው» አሉ። ውሃ ተሰጣቸው። ቀመሱና ብርጭቆውን አስቀመጡ። አሁንም ዝም። ችሎቱ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ አልነበረም። ስንሻው ቀይዋን መብራት አየ። በርታለች። ሐሳቡ ቤቱ ሄደ፤ የጣሪያው አሸንዳ ተቀዶ ግድግዳውን እያረጠበው ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ መጠገን አለበት።

ከዚያ ወይዘሮ አንጓች ተናገሩ።

እንዴት ብለው ተናገሩ! ችሎት አስከባሪው ፖሊስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዳኛዋ መጻፍ ጀምረው ነበር፤ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ማሽኑ ይዞልኛል ብለው፣ ሴትየዋን ዓይን ለዓይን እያዩ ሰሙ። ሲያበቃ ወይዘሮ አንጓች ነጠላቸውን አስተካክለው በዝግታ ወጡ፤ ከባድ ነገር ተሸክሞ አምጥቶ እንዳራገፈ ሰው።

በማግስቱ ስንሻው ቃላቸውን ወደ ጽሑፍ ሊገለብጥ ተቀመጠ። ከፈተው። መሐላው አለ። የዐቃቤ ሕጉ ጥያቄ አለ። ከዚያ ዝምታው መጣ። ስንሻው ጠበቀ። ዝምታው ቀጠለ። ወደፊት ገፋው። ዝምታ። አሁንም ገፋው። ዝምታ። እስከ መጨረሻው ድረስ አንዲት ቃል የለም፤ የወንበር ሲጥታ እንኳ የለም።

ከወንበሩ ተነሣ። ወደ ዳኛዋ ቢሮ ሄደ።

ወይዘሮ ፍሬሕይወት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እኔም አልጻፍኩትም» አሉ። «በቃሌ የማስታውሰውን ባሰፍር የተከሳሹ ጠበቃ ይቃወማል፤ እውነቱንም ነው። መዝገብ ላይ የሌለ ቃል እንዳልተነገረ ነው የሚቆጠረው።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«እንደገና ይጠራሉ። እሺ ካሉ።»

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ከሌላ ከተማ መጣች። ሐናን ትባላለች። የአካባቢውን ፍርድ ቤቶች ሁሉ የምታዳርስ እሷ ብቻ ነች፤ ከአውቶቡስ ወርዳ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ነው ሥራ የጀመረችው። ብዙ ሰዓት ስትፈትሽ ቆይታ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችና «አገኘሁት» አለች።

«ምንድን ነው?» አላት ስንሻው።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር ማይክሮፎንን በራሱ አያውቃትም። ገመዷ ሲሰካ የኮምፒውተሩ ዋና ሥርዓት፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለው፣ ‹ማነሽ?› ይላታል። እሷም ማንነቷን ትናገራለች። ያኔ የእሷን ቋንቋ የሚያውቅ ትንሽ ፕሮግራም ፈልጎ ይጭናል። ድራይቨር ነው የሚባለው። እዚህ ችሎት ላይ ቋንቋ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ እንደሚቀመጠው ማለት ነው። ዕቃው ሲነቀል ደግሞ ድራይቨሩን ያራግፈዋል፤ ሥራ የሌለው ቦታ እንዳይዝ።»

«እኔ መቼ ነቀልኳት?»

«አልነቀልካትም። ሌላም ነገር አለ። ዝምታ ሲረዝም መቅረጫው ፕሮግራም ከማይክሮፎኗ መቀበል ያቆማል። ሥርዓቱም ‹ይቺ ሥራ የላትም› ብሎ ኃይል ለመቆጠብ ያስተኛታል። ድምፅ ሲመጣ መቀስቀስ ያለበት ድራይቨሩ ነው። የእናንተ ድራይቨር ግን ለድሮዋ ማይክሮፎን የተጫነው ነው። ማይክሮፎኗን ስትቀይሩ እሱን ማንም አላራገፈውም። ማስተኛቱን ይችልበታል፤ መቀስቀሱን አይችልበትም።»

«እስከ ዛሬ እንዴት ሠራ ታዲያ?»

«እስከ ዛሬ ያን ያህል ዝም ያለ ምስክር አልመጣማ።»

ስንሻው ተነሥቶ ማይክሮፎኗን አያት። «መብራቷ ግን በርታ ነበር» አለ። «በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሐናን። እስከ መጨረሻው በርታ ነበር።»

«መብራቷ ኃይል የምታገኘው ከገመዱ ነው፣ ጋሼ። መሰካቷን እንጂ መስማቷን አትነግርህም።» አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ማዳመጫ አየት አደረገች። «ያ ጆሮህ ላይ ቢሆን ኖሮ መጥፋቷን ወዲያው ታውቀው ነበር።»

ስንሻው ማዳመጫውን ከአንገቱ አወለቀ።

ሐናን አሮጌውን ድራይቨር ልታራግፍ ሞከረች። ኮምፒውተሩ እንቢ አለ፤ «በሥራ ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ አወጣ። የያዘውን ፕሮግራም ዘጋችና ደግማ ሞከረች። ወጣ። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። ገመዱን ስትሰካ ያው አሮጌው ተመልሶ ቁጭ ብሏል።

«አሁን አላወጣሽውም እንዴ?» አላት ስንሻው።

«አውጥቼዋለሁ። ግን ቅጂውን ውስጡ አስቀምጦታል። ዕቃ ሲሰካ ቀድሞ የሚጠራው የለመደውን ነው። ከሥሩ ካልጠፋ ሁሌ ይመለሳል።» ተነፈሰችና እንደገና ጀመረች። ቅጂውንም ፈልጋ አጠፋችው፤ ለአዲሷ ማይክሮፎን የተሠራውን ጫነች፤ ኃይል ለመቆጠብ እንዳያስተኛት አስተካከለች። ከዚያ ሁለቱ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ማይክሮፎኗ ዝምታውን ትችለው እንደሆነ ለማየት። ቆይተው ሐናን በጣቷ ጠረጴዛውን መታ አደረገች። ስክሪኑ ላይ ድምፅ መግባቱን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ዘለለ።

ማሽኑ ተሠራ። አለቀ ማለት ነው? አላለቀም፣ ወገኖቼ። ማሽን መሥራት ቀላሉ ነው።

ወይዘሮ አንጓች ቀጠሮው እንዲነገራቸው ተጠርተው መጡ። ሲሰሙ «አልናገርም» አሉ። ግቢው ውስጥ ካለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ስንሻው ይህን ሲሰማ ሊለምናቸው ወጣ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው ቆሞ። «ጥፋቱ የማሽኑ ነው።»

ቀና ብለው አዩት። «አንድ ጊዜ ነው ልጄን ከዚያ አፈር ውስጥ ያወጣሁት» አሉት። «በምላሴ ቆፍሬ። ሁላችሁም ፊት አስቀመጥኩላችሁ። አሁን መልሰሽ ቅበሪውና እንደገና አውጪው ትሉኛላችሁ? አንተ ማን ነህ?»

«ቀራጩ ነኝ። ከጎንዎ ተቀምጬ የነበርኩት።»

ትኩር ብለው አዩትና ፊታቸው ትንሽ ፈካ አለ። «እውነትህን ነው፤ ነበርክ። ይኸውልህ፣ እንግዲያው ማሽኑ ባይሰማም አንተ ሰምተሃል። ግባና ንገርልኝ። እኔን ለምን ያደክሙኛል?»

«እሱ አይቻልም፣ እናቴ፤ ሕጉ…»

«ሕጉ ይቅር። ለእኔ ንገረኝ። ሰው እንደሰማኝ ልወቅ። ልጄ ፎርማኑን ምን አለው?»

ስንሻው አፉን ከፈተ። ፈለገ። አእምሮውን ጓዳ ድረስ ገብቶ ፈተሸው። ያገኘው ቀይ መብራትና የተቀደደ አሸንዳ ነው። ከሴትየዋ ጋር የነበረው ርቀት እጅ ቢዘረጉ የሚነካኩበት ነበር። አንዲት ቃል አልያዘም።

ወይዘሮ አንጓች ጠበቁት። ታግሠው ጠበቁት። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የተኛው ማሽኑ ብቻ አይደለማ» አሉ።

ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡት በተሻለው ነበር። ድካም ብቻ ነበረበት፤ እሱ በደንብ የሚያውቀው ድካም። ከዚያ ተነሥተው፣ እመጣለሁም አልመጣምም ሳይሉ፣ በበሩ ወጡ።

ስንሻው ያን ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። መንበረ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። «ገባህ?» አለችው። «ገባሁ» አላት። ከፊቷ ተቀመጠ። ሌላ ቀን ቢሆን ሬዲዮ ይከፍታል ወይ ጋደም ይላል። ዛሬ ተቀመጠ። ሰማ።

ቤቱ ጭር ብሏል። እንዲህ ጭር ያለ ቤት ነበር እንዴ? የሆነ ድምፅ ጎድሏል። ምን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞረ። ጥጉ ባዶ ነው።

«መንበረ፣ የስፌት መኪናሽ የት ሄደች?»

መንበረ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ «ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት» አለችው።

«መቼ?»

«ቆየ እኮ፣ ስንሻው። ነግሬህ ነበር። ቀኝ እጄ መርፌ አልይዝ አለኝ፣ እየደነዘዘ ጨርቁን ይጥልብኛል፣ ምን ይሻለኛል ብዬ ነገርኩህ። በሌላ ቀን ደግሞ መኪናዋን ልስጣት ነው አልኩህ። ‹እሺ፣ ደግ ነው› አልከኝ።»

ስንሻው እጇን ያዘ። ጣቶቿ በእጁ ውስጥ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ሲጨብጣቸው መልሰው አልጨበጡትም።

«ለምን ደግመሽ አልነገርሽኝም?» አላት።

«ደክሞህ ነበራ» አለችው። «እኔም ደከመኝ።»

ይህን ስትል ምርር ብላ አልነበረም። ስንሻው ሊናገር ፈልጎ ተወው። ይቅርታ ሊላት ነበር፤ ግን ይቅርታ ካላት «ምንም አይደል» ትለዋለች፤ «ምንም አይደል» ካለች ነገሩ እዚያው ይዘጋል። እጇን እንደያዘ ተቀመጠ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ መንበረ መናገር ጀመረች። ስለ እጇ፣ ስለ ሌሎችም ብዙ ነገሮች። እሱ «እህ» አላላትም።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ወይዘሮ አንጓች ይመጡ ይሆን? ዐቃቤ ሕጉ በሩን በሩን ያያል። የተከሳሹ ጠበቃ ሰዓቱን ያያል።

መጡ። ማሉ። እንደ ባለፈውም ዝም አሉ።

ስንሻው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጓል። ለካስ ዝምታው ባዶ አልነበረም። ትንፋሻቸውን ሰማ፤ ገባ ይልና መንገድ ላይ ይሰበራል። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ሲፈትሉት ሰማ። ምራቃቸውን ሲውጡ፣ አንድ ቃል ሊጀምሩ ከንፈራቸው ሲላቀቅና መልሶ ሲገጥም ሰማ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው መስመር ብዙም አልዘለለ፤ ግን አልተኛም፤ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ጊዜ ይህ ሁሉ ነበረ። ይህ ሁሉ ሲነገር ነበር፤ «ሥራ የላትም» ተብሎ ታለፈ።

ወይዘሮ አንጓች ከመናገራቸው በፊት ዞር ብለው ስንሻውን አዩት። እሱ ማዳመጫውን በመዳፉ ወደ ጆሮው ጠበቅ አደረገው። ሌላ ምንም አላደረገም። ሴትየዋ ወደ ዳኛዋ ተመለሱ።

«ልጄ ከጉድጓዱ ወጥቶ ‹ጋሼ፣ አፈሩ እየተሰነጠቀ ነው፣ በእንጨት ይደገፍ› አለው» አሉ። «ፎርማኑ ‹ከፈራህ ተወው፣ የሚገባ ሌላ ሰው አላጣም› አለው። ልጄ ወደ እኔ ዞረ። ‹ምሳውን አስቀምጪልኝ› አለኝ። ገባ። ይኸው ነው።»

አጭር ነበር። ደረቅ ነበር። ያን ቀን ሰውን ፊቱን ያስዞረው ነገር ውስጡ አልነበረም።

ዳኛዋ ጎንበስ ብለው በለዘበ ድምፅ «ወይዘሮ አንጓች፣ ባለፈው ሌላም ነገር ነግረውን ነበር» አሏቸው።

«ነግሬ ነበር» አሉ ወይዘሮ አንጓች። «እሱ አልቋል።»

ፎርማኑ ተፈረደበት። ይግባኝ ቢልም የእናትየው ቃል መዝገብ ላይ ነበርና ፍርዱ ጸና። የመጀመሪያው ቃል ግን፣ ያ ሙሉው ቃል፣ የትም የለም። ሐናን በስንት ዘዴ ፈለገችው፤ ያልገባ ድምፅ ከየት ይወጣል?

መንበረን ሐኪም አያት። ነርቭ ነው አሉ። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አሉ። አሁን ብርጭቆ ትይዛለች፤ መርፌ ግን አትይዝም። ስንሻውም እዚያው ሥራው ላይ ነው። አንዳንድ ማታ እንደ ድሮው እህል አይወርድለትም። መንበረ «ዛሬስ ምን ሰማህ?» ትለዋለች፤ ይነግራታል። ከዚያ «አንቺስ?» ይላታል፤ ይሰማታል።

ወገኖቼ፣ ስለ ኮምፒውተር ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ስለ እናንተ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት።

መብራታችሁ እንደበራ አውቃለሁ። ይኸው ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ፤ ለብሳችሁ መጥታችኋል፣ ተቀምጣችኋል፣ አሜን ሲባል አሜን ትላላችሁ። ቤታችሁም እንዲሁ ነው። ማታ ትገባላችሁ፣ ማዕድ ትቀርባላችሁ፣ ሲነገራችሁ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። ተሰክታችኋል። ግን እየሰማችሁ ነው? ሚስትህ ባለፈው ሳምንት የነገረችህን አሁን ብጠይቅህ ትመልስልኛለህ? አንቺስ እናት፣ ልጅሽ በር ላይ ቆሞ ሊነግርሽ ጀምሮ የተወውን ነገር ታውቂዋለሽ?

አንዳንዶቻችን ውስጥ ደግሞ አሮጌው አለ። ሰውየው አፉን ሳይከፍት መልሱን አዘጋጅተናል። «ደግሞ ጀመረች።» «የእሱ ነገር የታወቀ ነው።» ከዓመታት በፊት ለነበረው ሰው የያዝነውን ጆሮ ይዘን ዛሬ ፊታችን የቆመውን እንሰማለን። ሰውየው ተለውጧል፤ ጆሯችን አልተለወጠም። ንስሐ እንገባለን፣ እናወጣዋለን፣ ማክሰኞ ላይ ተመልሶ ቁጭ ይላል። ተስፋ አትቁረጡ። ከሥሩ እስኪወጣ ደጋግሞ ማውጣት ነው፤ አታካች ነው፣ ሌላ መንገድ ግን የለውም።

እንደደከማችሁ አውቃለሁ። ልወቅሳችሁ አይደለም። ኑሮው፣ ወሬው፣ ሐዘኑ በዛ። ሁሉን የሚሰማ ጆሮ ለሰው አልተሰጠም፤ ሳያንቀላፋ ሁሉን የሚሰማ አንድ ጌታ ብቻ ነው። ዕረፉ፤ ማረፍ ኃጢአት አይደለም። ግን ኃይል ለመቆጠብ ብላችሁ መጀመሪያ የምታጠፉት ማንን ነው? ዝም ያለውን አይደለም? የማይጮኸውን፣ የማያስቸግረውን፣ ከጎናችሁ የሚተኛውን አይደለም? ጯሂውማ ማንንም ይቀሰቅሳል። ዝም ያለ ሰው የሚናገረው የሌለው ይመስላችኋል። ወገኖቼ፣ እየተነፈሰ ነው። እየጀመረ ይተወዋል።

እናንተም ተናግራችሁ፣ ተናግራችሁ፣ ሰሚ አጥታችሁ የደከማችሁ አላችሁ። «እሱ አልቋል» ያላችሁ። እናንተን ምን ልበላችሁ? ሰው ያልያዘው ቃላችሁ በእግዚአብሔር ዘንድ አልጠፋም፤ የመጀመሪያው፣ ሙሉው ቃላችሁ። ቢሆንላችሁ አንድ ጊዜ ደግሙልን። እኛ ደካሞች ነን፤ ምናልባት አሁን ነቅተን እንደሆነ።

ዛሬ ብዙ አልጠይቃችሁም። ቤት ስትገቡ አንድ ሰው ምረጡ። አንድ። አጠገቡ ተቀመጡ። አትምከሩት፣ ጥቅስ አትጥቀሱለት፣ አታቻኩሉት። «እንዴት ነህ?» በሉትና ጠብቁ። «ደህና» ይላችኋል። ጠብቁ። ዝም ይላል፤ ዝምታው ይረዝማል፣ ስልካችሁን ማየት ያምራችኋል፣ መነሣት ያምራችኋል። አትነሡ።

ከዝምታው በኋላ የሚመጣውን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ይናገረው ይሆናል።

ሲናገረው እዚያ ሁኑ።